ያልሸኘሁት እንግዳ

ጥቁር ልብሴን ያወለቅሁት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው ሌላ የማስታውሰው ነገር ስላልነበረኝ ነው። ዓመቱን ሙሉ የለበስኩትን ቀሚስ አጣጥፌ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩና ከሣጥኑ ሥር አረንጓዴውን አወጣሁ። ወገቤ ላይ ሰፋኝ። «እሰይ፣ ሐዘን ቢያንስ ያከሳል» አልኩት መስታወቱን። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ወንድሜ አርዊን ከሞተ ዛሬ ዓመቱ ነው። በእኛ አውራጃ፣ በዛምባሌስ ባሕር ዳር የሞተ ሰው ዓመቱ ሲሞላ ሐዘን ይወርዳል። ቄስ መጥቶ ይጸልያል፣ ጎረቤት ይበላል፣ ጥቁሩ ይወልቃል፤ ከዚያ ወዲያ መሳቅም ይቻላል፣ ማግባትም ይቻላል። እኔ ግን ከሁለቱ አንዱንም የምችል አይመስለኝም ነበር። አዝኜ አይደለም። ሐዘን ቢሆን ደግ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ገብቼ አስተምሬያለሁ፣ ደብተር አርሜያለሁ፣ በልቼ ተኝቻለሁ። ውስጤ ግን ጭር ያለ ነበር።

ማጀት ስገባ ጎረቤታችን አሊንግ ፓሲንግ፣ እትዬ ፓሲንግ እንደ ማለት ነው፣ ምድጃውን ይዘውታል። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ድግስ በተባለበት ሁሉ ሳይጠሩ የሚመጡ፣ ከመጡም የሚያዙ ሴት ናቸው።

«ነይ፣ ሉምፒያውን አገላብጪልኝ። እንዳታሳርሪው!»

በሥጋ የተሞሉትን የሊጥ ጥቅሎች አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ዘይቱ ሲፈናጠር ሰማሁት።

«አንቺ ልጅ! እጅሽ!»

«ምን ሆነ?»

«ቆዳሽ ተልጦ ምን ሆነ ትያለሽ?»

አየሁት። አንጓዬ ላይ የሳንቲም ስፋት ያህል ቀልቷል፣ ዳር ዳሩ ማበጥ ጀምሯል። የሌላ ሰው እጅ የማይ መሰለኝ። «አላመመኝም» አልኳቸው።

«እንግዲህ ይሄ ወይ ሐኪም ያስፈልገዋል፣ ወይ ባል» አሉና እጄን ጎትተው ውኃ ውስጥ ነከሩት። «የአጥማጆች ማኅበሩ ሊቀመንበር ልጅ ሐዘኑ እስኪወርድ ነው የሚጠብቀው አሉ። ጀልባው ሁለት ሞተር አላት።»

«ጥርሱስ ስንት ነው?»

«ለጀልባ ጥርስ ምን ያደርግለታል!»

እናቴ ሎርና፣ እኔ ናናይ የምላት፣ በዚህ መሐል ገባች። የአርዊንን ሳህን ይዛ ነበር፤ ሩዝና ዓሣ ጨምራበት ፎቶው ሥር ልታስቀምጥለት። አረንጓዴውን ቀሚሴን አየችው።

«ዛሬ እንግዳ ይሸኛል» አለችኝ። «የመጣውን ሁሉ እስከ በር ሸኚ። ባለፈው ያልሸኘነውንም ጭምር።»

ባለፈው፣ ማለትም ለቅሶው ላይ፣ ማንንም አልሸኘንም። ለቅሶ ቤት የመጣን እንግዳ ባለቤት አይሸኝም። ከተቀመጠበት አይነሳም፣ በር ድረስ አይወጣም፣ ስለመጣህ አመሰግናለሁ እንኳን አይልም። ከሸኘኸው ሞትን አስከትለህ ወደ ቤቱ ላክኸው ማለት ነው። ይህን እኛ ዘንድ የስድስት ዓመት ልጅም ያውቀዋል። ስለዚህም ለማንም አንነግርም።

እኔ ካልሸኘኋቸው መሐል የማስታውሰው አንዱን ብቻ ነው።

ራስል ይባላል። በየዓመቱ በበጋ የአሜሪካ ወታደሮች ከእኛዎቹ ጋር ሊለማመዱ ይመጣሉ። ስምምነት አለ፤ ትልልቆቹ ዋና ከተማ ላይ የፈረሙት። ባሕሩ ላይ ሲተኩሱ ማጥመድ ይከለከልና ወንዶቻችን ጥላ ሥር መረብ እየጠገኑ ይራገማሉ። እኛ እንዳናኮርፍ ደግሞ የትምህርት ቤት ጣራ ይሠሩልናል። ጣራው እስከ ዛሬ አያፈስም፤ እውነቱን መናገር ነው።

ራስል የእኔን ክፍል ጣራ ሲመታ እኔ ማባዛት አስተምር ነበር። ልጆቹ ሰሌዳውን ትተው የመዶሻውን ምት ይቆጥራሉ። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ስንደርስ አውራ ጣቱን መታው።

«ሚስ! አሜሪካኑ አለቀሰ!» አሉ ልጆቹ።

«አላለቀስኩም። ላብ ነው» አለ ከላይ፣ በእኛው ቋንቋ፣ እየተኮላተፈ። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተያየን። ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበር፤ ላብ አልነበረም። በዚያች ቅጽበት ሃምሳ ስድስት ማለት ጠፋኝ።

ከሄደ በኋላ ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ስለ አባቱ የስንዴ እርሻ፣ ጉልበት ስለሚደርስ በረዶ። እኔ ስለ ልጆቹ እጽፍለት ነበር፤ ስለ ራሴ መጻፍ ያሳፍረኝ ስለነበር። ናናይ አልወደደችውም። እህቷ ድሮ መርከቦቹ ወደብ ላይ ይቆሙ በነበረ ጊዜ አንድ መርከበኛ እመለሳለሁ ብሏት ሃያ ዓመት ጠብቃለች። «የሚሳፈር ሰው አትልመጂ» አለችኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከኔ ጎን የነበረው አርዊን ነው። አቴ ይለኝ ነበር፣ ታላቅ እህቱ ነኝና። በሁለተኛው ዓመት ራስል ሲመለስ አርዊን ሞተሩን ደጃፍ ላይ እያስጮኸ መጣ፦

«አቴ! ቆርቆሮ ጠጋኝሽ መጥቷል! የኛም ጣራ ያፈሳል በይው እንጂ!»

ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የጎን መቀመጫ በተገጠመላት ሞተር ሰው ያመላልስ ነበር። በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ አንድ ወታደራዊ መኪና ጂፕኒ የምንላትን የሕዝብ ታክሲ ቀድሞ ለማለፍ ሲወጣ ፊት ለፊት ገባበት። ጤና ጣቢያ ሳይደርስ አለፈ።

የሚነዳው ሳጅን ዶይል የሚባል ነበር። አጠገቡ የተቀመጠው ራስል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ራስል ለቅሶ መጣ። የሠራዊቱ ቄስ በመኪና አምጥቶት ደጅ ይጠብቀው ነበር። ሬሳው ሳሎን ነው፣ እኔ ከአጠገቡ ተቀምጫለሁ። ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ካርታቸውን በደረታቸው ያዙ። ራስል የአርዊንን ፊት በሬሳ ሣጥኑ መስታወት አየ። ናናይ ፊት ተንበረከከ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ሚንዳ» አለ።

በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ቆመ። ጠበቀኝ። ጫማዎቹን አየኋቸው፤ አንዱ ክሩ ተፈቷል። ቀና አላልኩም። አልተነሳሁም። ጫማዎቹ ረዘም ላለ ጊዜ እዚያው ቆዩና ሄዱ። አሊንግ ፓሲንግ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት።

በአምስተኛው ቀን ወረቀቱ መጣ። ስምምነቱ ላይ አንድ መስመር አለ፤ ወታደሩ ሥራ ላይ ሆኖ ላጠፋው የሚዳኘው የራሱ አገር ነው፣ ሥራ ላይ ካልነበረ እዚሁ ይዳኛል። አዛዣቸው «ሥራ ላይ ነበሩ» ብሎ ጽፏል። የልምምዱ ሜዳ ያለው በስተሰሜን ነው፤ መኪናው የሚሄደው ወደ ደቡብ ነበር፣ ከማንግ ኢስኮ የዶሮ ጥብስ ቤትና ከባሕሩ በቀር ምንም ወደሌለበት። መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ መንደር ግን አይፈርምም። ከወረቀቱ ሥር ሁለት ፊርማ ነበረ፤ የዶይልና የራስል።

የራስልን ፊርማ ከዘጠኝ ደብዳቤ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያውን ፊደል እግር ያስረዝመዋል። ጠበቃችን ወረቀቱን ሲያሳየኝ እግሩ ረዝሞ አየሁት። ውስጤ ጭር ያለው የዚያን ጊዜ ነው።

ዶይልን አገሩ ወሰዱት። ማዕረጉን አንድ ደረጃ ዝቅ አደረጉት ሲባል ሰማን። በወሩ አሥረኛው ደብዳቤ መጣ፣ አራት መስመር፦ «ሚንዳ፣ እንዳልተነሳሽ አይቻለሁ። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም። ስለ አርዊን ይቅርታ። ራስል።» መልስ ሰባት ጊዜ ጀምሬ ሰባቱንም ቀደድኩ። ወንድሜ መሬት ገብቶ፣ እሱ ውሸት ፈርሞ፣ እኔ «ያልተነሳሁት ልማድ ሆኖብኝ ነው» ብዬ ልጽፍ? ደግሞም እውነት አልመሰለኝም።

ዛሬ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳህን ይዞ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ሳለ፣ ወሬው ድንገት ተቋረጠ። የአሊንግ ፓሲንግ ጭልፋ አየር ላይ ቆመ።

ራስል አጥሩ በር ላይ ቆሟል። ፀጉሩ አድጓል፣ ከስቷል፣ ተራ ሸሚዝ ለብሷል። አልገባም።

«ልግባ ወይ፣ አሊንግ ሎርና?» አለ።

ናናይ እጇን በመሐረብ ጠረገች። «ለአርዊን ከሆነ የመጣኸው፣ ግባ።»

«ለአርዊን ነው።»

ወንበር ሰጡት። ሳህን ሰጡት። ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አልበላም። እኔ ማድጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። ልቤ ይመታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመታም።

«ሠራዊቱን ትቻለሁ» አለ። «አሁን ወታደር አይደለሁም። እዚህ የመጣሁት በራሴ ነው። አሊንግ ሎርና፣ ያን ቀን ሥራ ላይ አልነበርንም። ዶሮና ቢራ ልንገዛ ነው የወጣነው። ዶይል ከዚያ በፊትም ጠጥቶ ነበር። አውቅ ነበር። አውቄ ፈረምኩ።»

«እሱንማ ውሾቹም ያውቁታል» አለች ናናይ። ድምጿ ረጋ ያለ ነበር። «ልጄ ዶሮ በሚገዛ ሰው እንደሞተ አውቃለሁ። አንተን የምጠይቅህ ለምን ፈረምክ ነው።»

ራስል ወደ እኔ ተመለከተ፣ ወዲያው ዓይኑን መለሰ።

«ባልናገረው ይሻል ነበር።»

«ተናገር።»

«ለቅሶው ላይ የመጣሁት ለሚንዳ ልነግራት ነበር። በሰው ፊት ፈራሁ። ስወጣ ትከተለኛለች፣ ደጅ ላይ እነግራታለሁ፣ ምን ላድርግ ብዬ እጠይቃታለሁ አልኩ። እዚያ በር ላይ ቆምኩ። ከዚያ ደግሞ መንገዱ ላይ ቆምኩ፣ ቄሱ ሦስት ጊዜ የመኪናውን ጡሩምባ እስኪነፋ። አልመጣችም። በቃ፣ ጠልታኛለች አልኩ። ትክክል ናት አልኩ። በማግስቱ ወረቀቱን ሲያመጡልኝ ምንም የሚቀርብኝ ነገር የለም ብዬ ፈረምኩ።» የሳህኑን ጠርዝ ያዘ። «ሰበብ አይደለም። ብትወጣም ባትወጣም ፊርማው የኔ ነው። ፈሪ ነበርኩ።»

እንደ ሁልጊዜው ቀድመው የተናገሩት አሊንግ ፓሲንግ ናቸው።

«ወይኔ ልጄን! አንተ ሰውዬ፣ ለቅሶ ቤት እኮ አይሸኝም!»

«ምን?»

«አይሸኝም! ባለቤቱ ከወንበሩ አይነሳም! አማቴ ሲሞት እኔ የገዛ እናቴን አልሸኘኋትም፣ በእግሯ ነው ብቻዋን የሄደችው! ይሄን የሚነግርህ ሰው ጠፋ? በሩን የዘጋሁብህ እኮ እኔው ነኝ!» ጭልፋውን ወርውረው ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ።

ራስል ተነሳ። ሳህኑ ከጉልበቱ ወደቀ፣ ሩዙ ተበተነ፣ ማንም አላነሳውም። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ስም አላወጣለትም። አንድ ዓመት ሙሉ የተሸከመው ነገር ባዶ ነበር ሲሉት ጊዜ ሰው እንደዚያ ይሆናል መሰለኝ።

«ልማድ ነበር?» አለኝ። «ሚንዳ፣ ልማድ ነው እንዴ?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ግቢው በሙሉ አዎ እንድል ይጠብቃል። አሊንግ ፓሲንግ በሽርጣቸው ቀዳዳ ያዩኛል። አዎ ብል ሁለታችንም እንድናለን፤ ስህተቱ የእኛ አይሆንም፣ የልማድ ይሆናል።

«ግማሹ» አልኩት።

«ግማሹ ምን?»

«ግማሹ ልማድ ነው። ግማሹ ቂም። ከመኪናው አንተ በደኅና ወርደህ እሱ ሞተ፣ አልኩ በልቤ። ልማዱ ደግሞ ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ፤ ቁጭ በይ አለኝ፣ ቁጭ አልኩ። ልማዱ ባይኖር እነሳ ነበር ወይ ብለህ አትጠይቀኝ። ዓመቱን ሙሉ ራሴን ጠይቄ መልሱን አላገኘሁትም።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ተረዳ ሰው። የሰጠሁትን መልስ ያን ያህል ያከበረልኝ ሰው የለም።

«አሁንስ ምን ልታደርግ ነው የመጣኸው?» አለች ናናይ።

«አቃቤ ሕጉ ጋ ልሄድ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው ብለውኛል። የፈረምኩት ውሸት ነው ብዬ ምዬ ቃሌን እሰጣለሁ።»

«ያስሩሃል?»

«ሊያስሩኝ ይችላሉ።»

«ያን ሰውዬ ይመልሱታል?»

«አላውቅም። ጠበቃ ጠይቄ ነበር፣ አይመስለኝም አለ።»

«ታዲያ ምን ይረባል?»

«አርዊን እንዴት እንደሞተ የሚናገር አንድ ወረቀት አለ» አለ ራስል። «ውሸት ነው። የኔ ስም አለበት።»

ናናይ የልጇን ፎቶ አየች። ሳህኑ ላይ ያለው ሩዝ ቀዝቅዟል። ከዚያ ማጀት ገባች፤ ሉምፒያና የተጠበሰ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ በክር አስራ መጣችና እጁ ላይ አኖረችለት። እኛ ዘንድ ስንቅ ሳይዝ የሚወጣ እንግዳ የለም፤ ለዚህኛው ግን ስንቅ ይሰጣል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም።

«ሚንዳ» አለች ሳታየኝ። «እንግዳሽን ሸኚ።»

ጎን ለጎን ወጣን። አጥሩ በር ላይ ስንደርስ ሸኝቻለሁ ብዬ መመለስ እችል ነበር። አልተመለስኩም። በትምህርት ቤቱ በኩል አለፍን፤ ጣራው በፀሐይ ያብረቀርቃል። ሁለታችንም ወደ ላይ አላየንም።

«ይቅር አላልኩህም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ልልህም አልችል ይሆናል።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ለምን ትንሽ ቀስ ብለህ አትሄድም? እየሸኘሁህ እኮ ነው።»

ቀስ አለ። መንገዱ ዳር አርዊን የወደቀበት ቦታ አለ፤ ናናይ የተከለችው ነጭ መስቀልና የላስቲክ አበባ። ራስል ቆመ። ዓመቱን ሙሉ እዚያ ስደርስ በሌላኛው ጠርዝ ነበር የማልፈው። ዛሬ ከአጠገቡ ቆምኩ። አበባው አቧራ ለብሷል። ጎንበስ ብሎ በሸሚዙ ጫፍ አንድ በአንድ ጠረገው፣ ቅጠሉን ሳይቀር። ጂፕኒው እስኪመጣ ሲጠርግ ነበር።

ሹፌሩ ያውቀኛል፣ ልጁን አስተምሬያለሁ። ራስል ከኋላ ገባ። እኔ መወጣጫው ላይ አንድ እግሬን አድርጌ የእጅ መያዣውን ይዤ ቀረሁ።

«ሚስ፣ ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ? ሰው እየጠበቀ ነው!»

«እየሸኘሁ ነው» አልኩት።

«እስከ የት ነው የምትሸኚው?»

«እስከ አቃቤ ሕጉ።» ገባሁና ከራስል አጠገብ ተቀመጥኩ። ተሳፋሪው ተጠጋጋ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና ነዳ።

ራስል የቅጠሉን ክር ፈታ። ምን እንደሚያደርግ ስላጣ ይመስለኛል። ሉምፒያው ላይ ሁለት ማንኪያ ተጋድሟል። ናናይ ሁለት ነበር የጠቀለለችው።

ማንኪያዎቹን አየኋቸው። ከመስኮቱ የባሕር ነፋስ ገባና አንጓዬ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ሞቀኝ፣ ከዚያ አቃጠለኝ፣ ከዚያ እስከ ክርኔ ድረስ ዘለቀ። ሰው ሁሉ እያየኝ በአፌ ትንፋሽ ሳብኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ። እጄን ገልብጦ አየው። «መቼ ነው የተቃጠልሽው?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት? ያምሻል?»

ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ተብዬ ስጠየቅ የምሰጠው አንድ መልስ ነበረኝ። አፌ ድረስ መጣና ቀረ። አርዊን ትዝ አለኝ፣ ሞተሩን ደጃፍ ላይ ሲያስጮኽ።

«አዎ» አልኩት፣ እንባዬ አረንጓዴው ቀሚስ ላይ እየወረደ። «በጣም ያመኛል።»